ደረቷን ያልወጋች ወፍ

ቅጂ ነው የሰጡኝ፤ ጠርዙ በጥቁር የታጠረ፣
በእንጨት ተቀርጾ የታተመ፣ አምስት መቶ ዓመት የኖረ።
«ለክፍሉ ግድግዳ አስፍተህ፣ እንዳለ ገልብጠው» አሉኝ፤
የቀለም ቀብድ ከፈሉኝ።

ወፏ አንገቷን ቆልምማ፣ መንቆሯ እንደ ወስፌ ሾሏል፤
ከገዛ ደረቷ ገብቶ ሦስት የደም ጠብታ አውጥቷል።
ጫጩቶች ከሥሯ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፤
ግርጌው ላይ ላቲን አለበት፤ ፍቺው «ፍቅር» ነው ይላሉ።

ፔሊካን ናት አሉኝ። ይቺ?
ሐይቁ ዳር ተወልጄ ጠዋት ማታ የማያትን፣
ስም ጠርተው ካላስተዋወቁኝ የማላውቃትን?

በማግስቱ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣
አሞራ ገደል ወረድኩ፣ ገና ሳይነጋ ወጥቼ።
እነሱ እንደ ባለቤት በጀልባው መሐል ይዋኛሉ፤
አገጫቸው ሥር የተንጠለጠለው፣ ባዶ ዘንቢል ይመስላሉ።
በዚያ እንኳን ደረት ቅቤም አይበሳ።

ዳንጊሶ ቆሮሶ ይልጣል፤ ቅርፊት ክንዱ ላይ አብረቅርቋል።
ወረቀቱን ዘረጋሁለት፤ አዘንብሎ አይቶ ስቋል።
«ሰውዬው አላያትም» አለኝ፣ «ወይ ጾም ውሎ ነው የሣላት፤
እኔ ሻላ፣ ደሴቱ ላይ፣ ስታበላ ነው ያየኋት።
ልጇ እስከ አንገቱ ይገባል፣ ጉሮሮዋን እየዳበሰ፤
ደም አይደለም። ዓሣ ነው።
ያውም ግማሹ የላመ፣ ግማሹ የፈረሰ።»

ይሄን ሲለኝ ልጁ መጣች፣ ዩኒፎርሟን እንደ ለበሰች፤
እጁ ረጥቧልና ኪሱን አዞረላት፤
ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ፣ ሃያ ብር ይዛ ወጣች።

ከጀርባው አባ ኮዳ ቆሟል፣ መላጣው በፀሐይ ግሎ፣
እንደ ጡረተኛ ዘበኛ ካፖርት ትከሻው ላይ ጥሎ፣
የዓሣ አንጀት ይጠብቃል።
በዚያ መጽሐፍ እሱ የለም፤ «ስስት» ወይም «ንስሐ» ብሎ
ማንም ትርጉም አላሳዘለው።
ራሱን ብቻ ተሸክሞ፣ በሁለት ቀጭን እግር ቆሟል።

እንዳየሁት ሣልኳት፣ ከነከረጢቷ።
ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣
«ደሙስ?» አለች። «ትምህርቱ'ኮ እሱ ላይ ነው» አለች ቆይታ።
ምን ልበል? ቀብዱን በልቼዋለሁ።

ትንሿን ብሩሽ ነክሬ አንዲት ቀይ ነጥብ ጣልኩ፤
ደረቷ ላይ ግን አይደለም፤
መንቆሯ ጫፍ ያለችውን ያቺን ቀይ ጥፍር ነው ያደመቅኩ።
ጥግ ላይ ደግሞ፣ ሳይከፈለኝ፣ አባ ኮዳን አቆምኩት።

ሰኞ ልጆቹ ሲገቡ፣
በአንድ ድምፅ የእሱን ስም ጠሩት።