ላባ ቆጣሪ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ በጧት ማልጄ፣
ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ በርጩማዬን ይዤ፣
ከሌይ ወንዝ ዳር፣ ከሰልፉ፤ ስድሳ ሣጥን፣ ስድሳ ወፍ።
ሥራዬ፣ ወፉ በዘመረ ቁጥር በዱላ ላይ መጻፍ፦
አንድ ዜማ፣ አንድ መስመር፣ በነጭ ጠመኔ።
ዳኛው ፊሽካ እስኪነፋ፣
በሰዓት አምስት መቶ ቆጥሬ አውቃለሁ እኔ።

ጆሮዬ ሲደነዝዝ፣ ዱላው ከበር ኋላ
ቆመ፤ ሸረሪት ወረሰው። እኔም ተቀመጥኩ፤ ስበላ፣
ስተኛ፣ ጋዜጣ ስገልጥ።

በጥር አልበሪክ ሞተ፣ ግድግዳ የምንጋራው።
ልጁ መጥቶ ጠራኝ፤ ብቻውን መግባት ስላስፈራው።
ምድር ቤቱ ሲከፈት፣
በአንዲት ጠባብ የሽቦ ቤት፣ አንዱ ባንዱ ተደርቦ፣
አሥራ አራት ዜብራ ፊንች፣ ብርሃን እንደ እህል ተርቦ።
የሚሠሩት ቢያጡ፣ አንዱ የሌላውን ላባ
ሲነቅል፣ ሲነቃቀሉ ኖረው፣
ወለሉ ብቻ ነው የለበሰው ካባ።

አሥራ ሦስቱን መጠለያው ወሰደ። አንዷን
እኔ። ለምን እንጃ። ምናልባት ስታዞር አይቼ አንገቷን፣
ያን ቀይ፣ የተላጨ፣ የሻማ ክር የሚያህል አንገቷን።

ዶክተር ሊንደ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ክንፏን ዘርግታ አየች። «ቅንቅን የለባትም» ብላ
ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ ብቻዋን ትሁን ለጊዜው፤
አምፖሉ ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሌት ደግሞ ጨለማው፤
የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ተፈጭቶ፣
ዳጉሳና ኪያር፤ መታጠቢያ ውሃ ለብ ብሎ ተቀድቶ።
«መቼ ነው የምትዘምረው?» አልኳት፣ የድሮ አመሌ አገርሽቶ።
ሳቀች። «እሷኮ ሴት ናት። የዚህ ዘር ሴት አትዘምርም ከቶ።»
(ብትዘምርስ፣ እሰማ ይመስል፣
ደረቴን ነፍቼ መጠየቄ!)

የመጀመሪያው ሳምንት፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ
ፊቷን ወደ ግድግዳ። እንቁላሉን ረጋጭ፣ ውሃውን ፈሪ።
ኪያሩ እንደ ተቆረጠ ይደርቃል።
ተናደድኩባት፤ አልደብቅም።
አንድ ሌሊት፣ «ብትሞቺ ሁለታችንም ባረፍን!» አልኳት።
አልጋዬ ውስጥ ገባሁ። ነፋሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ
ተነሣሁ፣ በባዶ እግሬ፣
የጎደሊቭን የሱፍ ሻርፕ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ፤
ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ያልነካሁትን።
ሽቦውን በሦስት ጎን ሸፈንኩበት።

በሃያ አንደኛው ቀን፣ አንገቷ ላይ፣ እንደ ጢም
የመሰለ ነገር ወጣ፤ ያለ መነጽር አይታይም።
ልዳስሰው ስል፣ ትዝ አለኝ የሊንደ ቃል፦
«ቡቃያ ላባ ደም አለው፤ ከነኩት ያማል።»
እጄን መለስኩ። ከበር ኋላ ሄጄ፣ ድሩን ጠርጌ፣
ዱላውን አመጣሁ፤ የጠመኔ ስባሪ ፈልጌ
አንድ አሰመርኩ፤ ላንድ ላባ።
በማግሥቱ ሦስት። ከዚያ ሰባት። ከዚያማ፣ ዝናብ እንዳገኘ ተልባ፣
ሌይ ዳር በወጣትነቴ እንዳጨድኩት፣
ግጥም ብሎ በቀለና ቆጠራው ጠፋኝ።
እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ጀርባዋ ላይ አሁንም የሳንቲም ስፋት ገላጣ አለ።
ሊንደ፣ «ምናልባት እንዲሁ ይቀር ይሆናል» ብላለች።

ትናንት ጋዜጣ ሳነብ፣ ውሃ ፊቴን መታኝ።
ቀና ስል፣ ሳህኗ ውስጥ ገብታለች፤
ግማሿን ለብሳ፣ ግማሿን ራቁቷን፣
ክንፏን እያማታች፣ የሰው መኖር ረስታ፣
የስፖርቱን ገጽ፣ መነጽሬን፣ ግድግዳውን አራሰች።
ከዚያ ጠርዙ ላይ ወጥታ ተራገፈች፤
ወደ እኔ ዞራ ምንቃሯን ከፈተች። አንድ ጊዜ።
ድምፅ ይኑረው፣ አይኑረው፣ አላውቅም።

ዱላው ጭኔ ላይ ነበር።
አንድ አሰመርኩ።
ዳኛ አልነበረም።