የ«ዘ» መዶሻ

ኮምቦልቻ፣ ቀበሌ ዜሮ ሦስት፣ ከባቲው መንገድ ዳር፣
ከአንዲት ኦሊቬቲ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር፣
አንድ ቀን የ«ዘ» መዶሻዋ ከአንገቱ ተሰበረ።
«ጊዜ» መጻፍ ቀረ። «ገንዘብ» መጻፍ ቀረ።
የራሴም ስም፣ ዘሐራ፣ «ሐራ» ሆኖ አደረ።

ዘርእዝጊ መጣ፣ ጣቶቹ በግራሶ ጠቁረው፣
የአሰብ ተሳቢዎችን ፍሬን ሲያጠብቅ ነው የዋለው።
«ያንቺም ስም፣ የኔም ስም በሷ ነው 'ሚጀምር፤
ዲዳ ሆነን እንቅር?»
አለና አቀርቅሮ በየዳት፣ ክር በሚያህል ናስ፣
እንደ ጥርስ ሐኪም፣ ቀስ፣ ደግሞ ቀስ።
ሳንቲም አልተቀበለኝም።
ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን «ዘ» ከመስመሩ አልገጠመችም፤
ጤፍ ታህል ከፍ ብላ ታርፋለች፣
ሰው መሀል ተረከዟን እንዳነሳች ልጅ፣ አሻግራ እያየች።

ከዚያ ብሩ ተለያየ። ወዲያ ማዶ ናቅፋ ወጣ።
ከባቲ ጨው ነጋዴው፣ ከሐረጎ ሹፌሩ ወርዶ መጣ፣
ጎሚስታ ቤቱ ሁሉ «ስንት በስንት ይመነዘራል?» ይላል፤
ሰውስ፣ ስንት በስንት? ማን ይጠይቃል?
ጎጆ ሲከፈል ድስቱም፣ ወንበሩም ይወጣል፤
እቤት ውስጥ የተሠራ አልጋ ግን በበሩ መች ያልፋል?

ከደሴ ቅጽ መጣ፣ በሦስት ቅጂ፣ ካርቦን ያለው፤
«የውጭ ዜጋ ጊዜያዊ መኖሪያ» ነው የሚለው፣
በስድስት ወር የሚታደስ።
ዘርእዝጊ ተሰልፎ ቆመ፣ ተራው እስኪደርስ።

ጠየቅሁት፣ ቅጹ እንዳዘዘኝ፣ ዐይኑን ሳላይ፦
«መቼ ገቡ?»
«በሃምሳ ዘጠኝ። ማክሰኞ። ከባድ ፀሐይ።»
«ለምን ጉዳይ?»
«ፍሬን ላጠብቅ።»
«ሲወጡ የሚሄዱበት አድራሻ?» ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ፦
«ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣ በይው።»
«ዋስ» ከሚለው ፊት ግን ባዶውን ብቻ ነበር የሚያየው።
አልጠየቅሁትም።
መታሁ፦ ዘ። ሐ። ራ።
ኃላፊው ከውስጥ ሆኖ ሌላ ስም ይጣራ።

«ዜጋ» ስል ዘለለች፣ «ጊዜያዊ» ስል ዘለለች፣
እሱ የበየዳት ፊደል እሱን እንግዳ አለች።

ሁለቴ አሳደሰ። ሦስተኛው ላይ አልመጣም።
ጋራዡ በር ላይ ቁልፍ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀው የለም።

አሁን በኮምፒውተር ነው፣ ፊደሉ ሁሉ እኩል ያርፋል።
ትናንት የሚጠግነውን ልጅ «ዘን ብቻ» አልኩት፣
«ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል?»
«ስንት ትንሽ?»
«ጤፍ ታህል።»