ሠላሳ ሰባት ድርሃም

አዋጥተን ቆጠርነው፤ ሠላሳ ሰባት ድርሃም፤
ሻርጃ ላይ በዚህ ገንዘብ ድግስ አይደገስም።
ግን የጦይባ ልደት ነው፣ ፓስፖርቷ እንደሚለው፤
ቀኑንም ዓመቱንም ደላላው ነው የሞላው።

አልጋዎቹን አንሥተን ግድግዳ አስደገፍን፣
ማዳም የጣለችውን መጋረጃ አነጠፍን።
ዶሮዋ አንዲት ናት፣ እኛ ደግሞ ዘጠኝ፤
ሩዝ ውስጥ ቀበርናት፣ «ዕድል ያለው ያግኝ!»

ዘበኛው አንኳኳ። ሁላችን ጸጥ አልን።
የራሱን ሰሃን ይዞ፣ «ሽታው ጠራኝ» አለን።

ሻማም አንዲት ብቻ። ክርክሩ ግን ጦፈ፤
«ሃያ ስድስት!» «ኧረ ከአሥራ ዘጠኝ አላለፈ!»
ጦይባ ሳቀች፦ «እኔስ መቼ አውቄው?
ለኩሷት ዝም ብላችሁ፤ አንድም ቢሆን ቁጥር ነው።»

ገና ሳትቀልጥ መሬማ ጮኸች፦ «እፍ በያት፣ እፍ በያት!
የኔም ልደት ሰኔ ላይ ነው፤ ለኔ አስቀምጧት!»