ጭረት ቀቢ

ልጅ ሳለሁ መምህሩ «ቀለም አይዘልቀው» ብሎ ፈረደብኝ፤
ሎድ መጥቼ ግን ቀለም እስከ ጥፍሬ ሥር ዘለቀኝ።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከማኮብኮቢያው ጥግ ባለው ሀንጋር፣
ጭንብል አጥልቄ ስረጭ ኖርሁ፣ ከአውሮፕላን ክንፍ ጋር።
ሥራዬ ጭረት መደበቅ ነው፤ የጠጠር ንክሻ፣ የመሰላል ጠባሳ
ሞረድ፣ ለቅለቅ፣ ቀባ አድርጌ፣ ትናንት የለችም እስክትረሳ፣
ገላዋን እንደ ሙሽራ አብርቼ፣
«ይኸው፣ ማንም ያልነካት» ብዬ አስረክባለሁ ፈርሜ፣ ወጥቼ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ።
አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ፣ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፌ፣
መነጽር በመነጽር ደርቤ፣
መዳፌን የማትሞላ ዳኮታ ይዤ
ጭረት እቀባለሁ።

ያስተማረኝ የፊም ነው፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፤
እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ሩሲያኛ፤
ዕብራይስጣችን ቢሰባበርም ለቀለም በቃን።
የመጀመሪያዋን አብለጭልጬ ሳሳየው
አገላበጣት፣ አሸተታት፣
«ይቺ በረራ አታውቅም» አለኝ።

መጀመሪያ ብሩን ትቀባለህ፤ የሥሩ እውነት እሱ ነው።
ሲደርቅ በውኃ ታረጥብና ጨው ቆንጠር አድርገህ ትበትናለህ፤
ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ቡናማው፣ በስሱ፤ ችኮላ የለም፤ ታሳድረዋለህ።
ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጨዉን ስታራግፈው
ብሩ በተላጠው በኩል ዓይኑን ይገልጣል።
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል በኛ አገር፤
እኔ ጣዕሙን አልፈለግሁም፤ ሲረግፍ ትቶት የሚሄደው ነገር
እሱ ይበቃኛል።

አንዴ ዝገት ቀባሁ፣ ቀይ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ዓይነት።
የፊም እስኪያስለው ሳቀ፦
«አሉሚኒየም አይዝግም፣ ወዳጄ፤ ይገረጣል እንጂ።»
ሌላ ቀን ጭረቱን እንደ ዘር በየቦታው ስበትን
እጄን ያዘኝ። «እዚህ ማን ረገጠ? ማን ነካ?
እግር በማይደርስበት የክንፍ ጫፍ ላይ ምን ፋቀው?
መጀመሪያ ሰው አስብ።»

ሰው አሰብሁ።
መካኒኩ ሲወጣ ጉልበቱ የሚያርፍበትን፣
ነዳጅ ቀጂው ቱቦ ሲጎትት የሚጋጭበትን፣
የበሩን ደፍ፣ ሣጥንና ቦት ጫማ የበላውን፤
ከሞተሩ ኋላ የሚጎተተውን ጥቀርሻ።
ፀሐይ ጀርባዋን ብታወይበውም
ሆዷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ሊአድ፣ የልጅ ልጄ፣ ቅዳሜ ሲመሽ መጥቶ
«ሳባ፣ አዲሱን ለምን ታበላሸዋለህ?» አለኝ።
መልስ ነበረኝ፣ ረጅም።
ይኼኔ እውነተኛው ሆዱን እያሳየ በጣሪያችን ላይ አለፈ፤
መስኮቱ ነዘረ፣ ስንጥሬ ከእጄ ወደቀ፣
መልሱም አብሮ።

ሌሊት ብሩሾቼን አጥቤ ስመለስ የደጃፉን መቃን አየሁት።
ለፋሲካ ልቀባው ነጭ ቀለም ገዝቻለሁ፤ ቆርቆሮው ከጥግ ቆሟል።
መዙዛው አጠገብ ተልጧል፣ ጣት በጣት፣ ዓመት በዓመት፤
እሱ የሁላችን ነው።
ዝቅ ብሎ ግን፣ ወገብ ትይዩ፣
አንዲት መዳፍ የምታህል እንጨቱ የወጣ ቦታ አለች፤
ያልጋነሽ ከገበያ ስትገባ፣ ዘንቢሏን አስቀምጣ፣
ተደግፋ ጫማዋን የምታወልቅባት።
ሦስት ዓመት ሆናት።

ጨው አልበተነች፣ ስፖንጅ አልነከረች።
እንዲህ ያለ ጭረት እኔ አልችልም፤
የፊምም አይችል።

ቆርቆሮውን ወደ እሱ አወረድሁት፤ መታጠቢያ ቤቱ ሻግቷል፣ ይጠቅመዋል።
ተመልሼ መብራት አበራሁ።
ከዳኮታዋ በር፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣
አጭር ሴት የምትደገፍበት ቁመት ላይ
በቀጭኑ ብሩሽ አንዲት ነጥብ ብር ጨመርሁ፤
ሰባ ሁለት ጊዜ ያነሰች መዳፍ።