የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም ካልሰጠው በቀር

አንቀጽ ሁለት፤ ትርጓሜ።
በስልኬ ባትሪ ብርሃን አነባለሁ ተጋድሜ፤
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መብራቱ ከሄደ ቆይቷል፣
ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት የጽሑፍ ፈተና ይጠብቀኛል።
አስራ አንድ ዓመት ረዳት ሆኜ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ፣
አሁን ደግሞ መሪ ልይዝ ነው፣ ይበቃኛል በር ብዬ።

ደንቡ እንዲህ ይጀምራል፦
«የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በቀር…»
ደስ አለኝ። ለካ ሕግም ያውቃል፣ ቃል ሌላ ትዳር እንዳለው፣
ከደንቡ ውጭ፣ ከከተማው ዳር፣ ማንም የማይጠይቀው።

«መንገድ» ማለት፦ ለተሽከርካሪና ለእግረኛ መተላለፊያ የተከለለ ስፍራ ነው።
ይሁን። ግን ከአደባባዩ እስከ እኛ ብሎክ ያለው፣
ኦቦ ቱፋን ብትጠይቅ፣ ጤፍ ነው።
«እዚያ ምሰሶው ጋ ሽንብራ፤ እዚህ፣ አንተ የቆምክበት፣ ጤፍ።»
ነበር አይሉም።

«የመንገድ ትከሻ» ማለት፦ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀጥሎ ያለ፣ በችግር ጊዜ ለመቆሚያ የሚያገለግል ነው።
ጫልቱ እዚያ በቆሎ ትጠብሳለች፣ ዝናብም ፀሐይም ቢሆን፤
ደንቡን አንብባ አታውቅም፣ ግን ፈጽማዋለች ደንቡን።

«ወራጅ አለ»ን ፈለግሁት፤ የለም።
«ጠጋ ጠጋ በሉ» የለም።
«ዝርዝር ያላችሁ» የለም።
«ሳበው» የለም።

«አሽከርካሪ» ማለት፦ ተሽከርካሪን የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ሰው ነው።

እዚህ ጋ ስልኩን አጠፋሁት።
የሚያንቀሳቅስ።

መስከረም ነበር፣ አመሻሽ፣ ዶፉ ካቆመ ወዲያ፣
ከቱሉ ዲምቱ ስንመጣ፣ ከኮዬው መታጠፊያ፤
አንድ ወረደ፣ ሦስት ገቡ፣ ቆጥሬ በሩን ዘጋሁት፣
ቆርቆሮውን በመዳፌ ሁለቴ መታ አረግሁት፣
«ሳበው!» አልኩ።
ደባልቄ ሳበው።
ከፊት ምን እንዳለ አላየሁም፤ ረዳት ጎን ነው የሚያየው።
ኦቦ ቱፋ እዚያ ነበሩ፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር፣
የጠፋች ጥጃ ፍለጋ፣ በድሮ ማሳቸው ድንበር።

ትራፊኩ በኖራ አሰመረ፣ ሜትር ዘረጋ፣ ጻፈ።
አሽከርካሪ፦ ደባልቄ እንዳለ።
እግረኛ፦ ቱፋ ጉርሜሳ።
ረዳት የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።
ደባልቄ ስምንት ወር። ኦቦ ቱፋ አንድ እግር።
እኔ በሳምንቱ ሌላ መኪና ላይ፣
«ቃሊቲ፣ ቃሊቲ፣ የቀረው አንድ ሰው!»

ስልኩን መልሼ አበራሁ። አስራ አራት በመቶ።
«እግረኛ» ማለት፦ በመንገድ ላይ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ነው።
በእግሩ። በእግሮቹ አላለም።
ሕግ አርቃቂው ሳያስበው ኦቦ ቱፋን አልረሳም።

ጠዋት ስወርድ፣ ዜብራው ቀለሙ ከለቀቀበት፣
ቆመዋል፣ ክራንቻቸውን አስፋልቱ አፋፍ ተክለውበት።
ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ፣ ባጃጅ፣ ደግሞ ሲኖትራክ።

«ቅድሚያ መስጠት» ማለት፦ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ ነው።
እንዲህ ከሆነ እኚህ ሰው፣ ካሳው ከተቆረጠ አንስቶ፣
አስራ ሦስት ዓመት ቆመዋል፤
ከተማው ማለፉን አልጨረሰም፣ ይመጣል አንዱ አንዱን ጎትቶ።

አያውቁኝም። ወይም ያውቁኛል፣ ዝም ብለው ነው።
«ልጄ፣ ይመጣል?» አሉኝ።
ግራ አየሁ። ቀኝ። እንደገና ግራ።
መዳፌን ዘረጋሁ፣ ያንኑ መዳፍ፣ ወደ ሲኖትራኩ።
ፍሬኑ ጮኸ። ቆመ።
ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ከእኔ ጀምሮ እስከ አያቴ ሰደበ።
አሁን ምን ይባላል? አፌ የለመደው አንድ ቃል ነው፤
ዋጥኩት።
ቀስ ብለው ተሻገሩ። መሃል ላይ ቆም አሉ፣
አስፋልቱን በክራንቻቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፣
«እዚህ ጋ ነው ድንበሩ» አሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ዘጠነኛ ጥያቄ፦ አሽከርካሪ ማለት፦
ሀ። ለ። ሐ። መ።
ሠ የሚል ፈለግሁ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ።
«ለ»ን ከበብኩ።
ከሰዓት በኋላ ስም ተለጠፈ።
አልፈሃል አሉኝ።