ከጥርሴ ጀርባ ያለች ሽቦ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲነሣ ማለዳ፣
ከላይ ጥርሴ ኋላ ተጣብቃ እንደ ዕዳ
ክር የምታህል ሽቦ ቀድማኝ ትበርዳለች፤
ምላሴ ሄዶ ይዳስሳታል፦ አለች።

ዶክተር ልሳነወርቅ ብረቱን ሲፈታ፣
“ጥርስ አገሩን አይረሳም” አለኝ፣ “ይመለሳል በዝግታ።
የሚወለቀውን ብሰጥሽ፣ አውቅሻለሁ፣
ትራስ ሥር ትረሺዋለሽ፤ ይሄን አጣብቄዋለሁ።”

እውነቱን ነው። ስድስት ዓመት ሰልፉ አልተዛነፈ፣
ያየብኝ ሰው የለም፣ ማንም አልለከፈ።
ግን ማጽጃው ክር እንደ መርፌ ካልሾለከ አይገባም፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ
ክር ቀርቶ ገመድ አላስገባም።
ድዴ ይደማል።
ቆሎም ፈራሁ፣ ገብስ በሞላበት አገር፤
እፍኝ ሲዘረጋልኝ ኪሴ ውስጥ መክተት ሆነ የኔ ነገር።

ባለፈው ጥር፣ አንኮበር፣ በአክስቴ በእማዋይሽ ተዝካር፣
ረስቼ ቆረጠምኩ።
ቀጭ አለች።
ያንዱ ጥርስ ሙጫ ለቀቀ።
አዲስ አበባ ሩቅ፣ ፈቃድ የለም፣ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤
በአራተኛው፣ መስታወት ላይ፣
ወረቀት የምታሾልክ ክፍተት አየሁ።

ፍንጭቴ!
የእማዋይሽ ፍንጭት፣
ሠርግ ቤት ስትስቅ ሰው ዞሮ የሚያያት፣
“ታድላ” የሚላት፤
እኔ በሁለት ዓመት ደመወዝ የዘጋሁት በር።

ለዶክተሩ ደወልኩ። ቀጠሮው ዓርብ ነው።
“በዚያች በኩል እንዳትነክሺ” አለኝ፤ እሺ አልኩት።
ምላሴ ደጁ ላይ ተቀምጧል፣
አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ያያል።
እሄዳለሁ፣ አልቀርም።
እስከ ዓርብ ግን
ቆሎ እበላለሁ።