ሕይወት አለህ ወይ?

ስኳር ከጋሽ ባንቴ፣ ሳሙና ከባንቴ፣
ክብሪትም፣ ሻማውም፣ እስኪሞላ ቤቴ፤
ለዚያች ለአንዷ ነገር ግን
አዘዞ ድረስ ነው የሚወስደኝ እግሬ፣
ነጠላዬን ስቤ፣ ዓይኔ ድረስ ቀብሬ፣
በታክሲ ተሳፍሬ።

አንድ ቀን ረዳቱ «እትዬ፣ አዘዞ
ዘመድ አለሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አለኝ» አልኩት።
ምን ልበለው ታዲያ?
ሦስት ፍሬ ኮንዶም ልገዛ ነው ልበል?

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣
አራዳ ገበያ፣ በረንዳው ዳር ነው የቆመው ማሽኔ።
የሰው ወገብ ለካሁ፣ የሰው ደረት ለካሁ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሴን ገላ ግን በጣቴ አልነካሁ።
«ቫይረሱ አይታይም፣ ጎበዝ» እያሉኝ፣
ወረቀቴ ጠርቶ፣ እኔን የሚጠራኝ
አንድ ሰው አጣሁኝ።

ሲስተር አንጓች ነበረች፣ በእንጨት እያሳየች፣
እኛ አንገት ስንደፋ እሷ እየሳቀች፦
«በጥርስሽ አትክፈቺ፤ ቀኑን እዪ እንዳያልፍበት፤
ጫፉን ቆንጠጥ አርጊ፣ አየር እንዳይቀርበት፤
ቫዝሊን ምናምን ደግሞ እንዳትቀቢበት።
ለልብስ ሰፊማ ይኼ ምኗ ነው ዕዳ?
ይቀላል ከአንዲት ከቁልፍ ቀዳዳ።
የከበደው አፍሽ ነው።
እሱን ማንም ነርስ አያስተምርሽ።»

ባዩህ ግንብ ጠጋኝ ነው፣ ኖራ አለ ጥፍሩ ሥር፤
ሱሪ ሊያሳጥር መጣ፤ ሱሪው ልክ ነበር።
በሳምንቱ መጣ፣ ሌላ ሱሪ አንጠልጥሎ፣
እሱም ልክ ነበር።

ፋሲል መዋኛ ዳር፣ ሚያዝያ ላይ፣ ገንዳው ውሃ ሳይሞላ፣
ሥሩ ድንጋይ ባቀፈ ዋርካ ጥላ፣
ነገርኩት።
ባዶ ገንዳ ድምፅ አይውጥም።
«ቫይረሱ አለብኝ» ያልኩትን መለሰው፦
ብኝ... ብኝ...
ባዩህ ጠጠር አነሣ፣ አገላበጣት፣
ከነበረችበት መልሶ አኖራት።
«ነገ ሥራ አለኝ» አለ። ሄደ።

ሃያ ሁለት ቀን።
(ክኒን የሚቆጥር ሰው ምኑን ሳይቆጥር ይቀራል?)

በሃያ ሦስተኛው ሱሪ ሳይዝ መጣ፤
ተመርምሮ፣ ጠይቆ፣ ሲስተርን አድክሞ፣
«በምርመራ ካልታየ በወሲብ አይተላለፍም» ያለችውን
ሦስት ጊዜ አስደግሞ።
«አልፈራሁም አልልም» አለ በሬ ላይ ቆሞ፤
«ፍርሃቴን ወስጄ አስመረመርኩት እንጂ።»

ምሽት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን በትራስ አፍነው ነበር።
«መድኃኒቴ ነው» አልኩት። ውሃውን እሱ ቀዳ።
መብራቱን ላጥፋው ስል፣ «ተይው» አለኝ፣ «ልይሽ።»
«እንግዲያው ስማኝ» አልኩ፤ ይኼ የኔ ድምፅ ነው?
«ወረቀቴን አይተሃል። ቢሆንም ይኼን እንጠቀማለን፤
ልጅ የምንልበትን ቀን አብረን እስክንቆርጥ፤
ሌላም በሽታ አለ፤ እኔም የምሳሳለት ገላ አለኝ።
አይሆንም ካልክ፣
ሱሪህ ያው፤ ልክ ነው።»

ሳቀ። ሳቅኩ።
ጫፉን ቆንጠጥ አደረግኩ።
የቀረው የሁለት ሰው ነው፤ ለሦስተኛ አይነገር።
ይህን ብቻ ልበል፦ እጄ አልተንቀጠቀጠ፤
ኖራ የለመደ መዳፍ እንደዚያ ይለሰልሳል ብዬ አላስብም ነበር።

ትናንት ጋሽ ባንቴ ሱቅ፣ ሰው ተሰልፎ፣
የዕድሩ ጸሐፊ ዘይት እያስለካ፣
ድምፄን ሳልቀንስ፦ «ጋሽ ባንቴ፣ ሕይወት አለህ ወይ?»
መደርደሪያውን አየ። እኔን አየ።
«ሕይወት?»
«አዎ፣ ባለ ሦስቱን። ሁለት ፓኬት ስጠኝ።»
ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ዘይቱ ሞልቶ ፈሰሰበት።
ጋሽ ባንቴ ከሻማው ኋላ ጎትቶ
አቧራውን እፍ ብሎ አቀበለኝ።

ቀኑን አየሁት።
አላለፈበትም።